ጫፍ ላይ ያለው መብራት፦ ስሌትነስን ያየ አለ?

የዋልታው_ልጅ (ክር ከፋች)

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የምኖረው ሜሃምን ነው። ካርታ ላይ ለማግኘት ኖርዌይን ወደ ላይ ግፉ፣ ግፉ፣ ፊንማርክ ላይ ትደርሳላችሁ። ጣታችሁ ባሕር ውስጥ ሊገባ ሲል አቁሙ። እዛ ነኝ። ዓሣ ፋብሪካ ነው የምሠራው። አራተኛ ክረምቴ ነው።

የመጣሁ ዓመት ቋንቋ ትምህርት ቤት እያለሁ መምህራችን «ቅዳሜ ሁላችንም ፊሩን ሄደን እናያለን» አለችን። ፊር ሲባል እኔ የማውቀው «ሰውዬ» ማለት እንደሆነ ነው። መላው ክፍል ተሰብስቦ የሚጠይቀው ሰውዬ ማን ነው? መቼም ታሞ ነው አልኩ። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ። አውቶቡሱ ጋምቪክ የምትባለዋን መንደር አልፎ፣ ዛፍ የሚባል የሌለበት ሜዳ ላይ አወረደን። ፊት ለፊቴ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ትልቅ የብረት ማማ ቆሟል። ለካ ፊር የባሕር መብራት ማማም ነው! ብርቱካኑን ማማው ሥር ቁጭ ብለን በላነው። እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «ታማሚው እንዴት ነው?» ይሉኛል።

ታማሚው ስሌትነስ ይባላል። ሥራ የጀመረው በ1905 ነው። ቁመቱ 39 ሜትር። ከዋናው መሬት ላይ ከቆሙት የባሕር መብራቶች ሁሉ በዓለም ላይ የመጨረሻው ሰሜናዊ እሱ ነው፣ ከ71 ዲግሪ በላይ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ እንዳለች አስቡና አነጻጽሩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄድን። ፀሐይ ከህዳር አጋማሽ ጀምሮ አልወጣችም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ትንሽ ሰማያዊ ይልና ተመልሶ ይዘጋል። ብርዱን ተዉት፣ ብርዱ በልብስ ይቻላል። ንፋሱ ነው የማይቻለው። ከመኪና ወርደን ማማው ጋ እስክንደርስ ሁለቴ ወደቅሁ። ከኋላው ተጠለልን። ብረቱ ውስጥ ውስጡን ያንጎራጉራል። መብራቱ ብልጭ ሲል ብርሃኑ ከላይ ከላያችን አልፎ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ እኛ ያለንበት ድቅድቅ ጨለማ ነው። እግሬን እንኳን አላየውም።

ባልደረባዬ «ይሄ ሁሉ አሁን ለማን ነው? ሁሉም ስልኩ ላይ ጂፒኤስ አለው» አለኝ። መልስ አጣሁ። ባሕር ላይ አንድም መርከብ አይታይም ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ሀበሻ_በርገን

ብርቱካኑ ገደለኝ 😂 ግን መምህርህ አልተሳሳተችም። ሰውዬው ቢሆን «ፊረን» ትል ነበር፣ ማማው ስለሆነ «ፊረ» ነው ያለችው። አንዲት ፊደል ሁለት ኪሎ ብርቱካን አስወጣችህ።

---

ሰርኪዩት

ባልደረባህ ልክ ነው። እኔ ቀጥታ ልናገር፦ የባሕር መብራት ጊዜው አልፎበታል። አሁን ሳተላይት አለ፣ ራዳር አለ፣ ኤሌክትሮኒክ ካርታ አለ፣ መርከቦች እርስ በርስ የሚተያዩበት ሲስተም አለ። ሙዚየም አድርጎ ማስጎብኘት ጥሩ ነው። ማብራቱ ግን የናፍቆት ወጪ ነው። እንደኔ።

---

ቀይ_ዳማ

ሰሜናዊው ጫፍ ኖርድካፕ አይደለም እንዴ? ዘመዶቼ ሄደው ፎቶ ተነስተው ነበር፣ ያ ትልቅ የብረት ሉል ያለበት።

---

የዋልታው_ልጅ

@ቀይ_ዳማ እሱ የቱሪስት ነገር ነው። ኖርድካፕ ያለው ማገርዮያ የምትባል ደሴት ላይ ነው። የዋናው አውሮፓ መሬት የመጨረሻ ሰሜናዊ ጫፍ ኪናሮደን ይባላል፣ እኛ ሰፈር ነው። ግን መኪና አይገባም፤ በእግር ስትንከራተት ነው የምትደርሰው። ስለዚህ ማንም ፎቶ አይነሳበትም። «ከዋናው መሬት ላይ» ያልኩትም ለዚህ ነው። ደሴት ከተቆጠረ ከስሌትነስ ትንሽ ከፍ ብሎ ፍሩሆልመን የሚባል አለ፣ ከ1866 ጀምሮ ያለ።

---

የመርከብ_ኤሌክትሪክ

ባሕር ዳር የባሕርተኞች ማሰልጠኛ ተምሬ፣ አሁን የውጭ መርከብ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ይሄን ክር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

@ሰርኪዩት፣ የዘረዘርከው ሁሉ መርከባችን ላይ አለ። የምጠግነውም እኔ ነኝ። ለዛ ነው የማላምነው።

ስቀልድ ነው፣ በከፊል። ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ የጂፒኤስ ምልክት ከሰማይ የሚመጣ በጣም ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ደካማ ስለሆነ ከመሬት ላይ በትንሽ መሣሪያ ልታፍነው ትችላለህ። ይሄ ደግሞ ወሬ አይደለም። ክር ከፋቹ ያለበት ፊንማርክ፣ በተለይ ምሥራቁ፣ ከ2017 ጀምሮ ጂፒኤስ እየተረበሸ ነው። የኖርዌይ መንግሥት ረብሻው የሚመጣው ከሩሲያ በኩል ነው ይላል። ከዩክሬኑ ጦርነት ወዲህ ብሶበታል። እውነቱን ለመናገር በብዛት የሚቸገሩት ከፍ ብለው የሚበርሩ አውሮፕላኖች ናቸው፤ መሬትና ባሕር ላይ ተራራው ይከልላል። ቢሆንም እስክሪኑ ላይ ያለችው የመርከብህ ምልክት ድንገት ተራራ ላይ ወጥታ ብታያት ምን ታደርጋለህ? በመስኮት ታያለህ። በመስኮት የሚታይ ነገር ያስፈልግሃል።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው የባሕር መብራት «እዚህ አለት አለ» የሚል ብቻ ይመስለዋል። እሱ ግማሹ ነው። እያንዳንዱ መብራት የራሱ የአበራር ልክ አለው። አንዱ በየተወሰነ ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ ይላል፣ አንዱ ሁለቴ ብሎ ያርፋል፣ አንዱ ቀይና አረንጓዴ ይለያል። ካርታው ላይ ተጽፏል። ጨለማ ውስጥ መብራት ስታይ ሴኮንድ መቁጠሪያ ይዘህ ትቆጥርና «ይሄ እገሌ ነው» ትላለህ። ከሁለት የምታውቃቸው መብራቶች አቅጣጫ ከለካህ መርከብህ የት እንዳለች ካርታው ላይ በእርሳስ ታሰምራለህ። ሳተላይት የለ፣ ባትሪ የለ።

ሦስተኛ ቁመቱ። ስሌትነስ ማለት በቋንቋቸው ሜዳማ የባሕር ጫፍ ማለት ነው። ሰሜን ኖርዌይ ብዙ ቦታ ገደል ነው፤ ገደል አናት ላይ አጭር ማማ ይበቃል፣ ከፍታውን ተራራው ሰጥቶታል። እዚህ ግን መሬቱ እንደ ምጣድ ዝርግ ስለሆነ ማማው ራሱ ተራራ መሆን ነበረበት። ምድር ክብ ናት። ከ40 ሜትር ከፍታ አድማሱ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መርከቡ ላይ ያለው ሰው ደግሞ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ በሱ በኩል 11 ገደማ ይጨመራል። ተደምሮ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ። 10 ሜትር ማማ ቢሠሩ ኖሮ ወደ 22 ይወርድ ነበር። በማዕበል ሌሊት እዛ ባሕር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

---

ሰርኪዩት

@የመርከብ_ኤሌክትሪክ ሸብረክ አልኩ 🙌 ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፍኩም። ረብሻው ካለ መፍትሄው ረብሻ የሚቋቋም ሲስተም መሥራት ነው።

---

ጨለማ_ሰለቸኝ

ወንድሜ፣ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እዛ ማን ይኖር ነበር? ብቻውን የሚኖር መነኩሴ ነገር ነው የሚመስለኝ። ሚስት፣ ልጅ ይኖረዋል?

---

የዋልታው_ልጅ

@ጨለማ_ሰለቸኝ እህቴ፣ እንደ ቦታው ነው። አለት ላይ የተሠሩት ወንዶች ብቻ በፈረቃ የሚቆዩባቸው ነበሩ። ስሌትነስ ግን የቤተሰብ ነበር። ማማው ሥር የጠባቂዎቹ መኖሪያ ቤቶች አሁንም አሉ፤ በበጋ ካፌና ማደሪያ ይሆናሉ። ሰው እዛው እየኖረ ሲጠብቀው ቆይቶ በ2005 አውቶማቲክ ሆነ። ልክ በመቶ ዓመቱ።

ግን ታሪኩ ሰላማዊ አይደለም። በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች ከሶቪየት ጦር ሲያፈገፍጉ ፊንማርክን አቃጥለው ነው የሄዱት። ቤት፣ ወደብ፣ የስልክ እንጨት፣ ጀልባ፣ ምንም አልቀረም። ሕዝቡን በግድ ወደ ደቡብ አስለቀቁት፣ ወደ 50 ሺህ ሰው። አልሄድም ያለው ደግሞ ዋሻ ውስጥና በሣር በተከደነ ጎጆ ተደብቆ ክረምቱን አሳለፈ። ይሄ እንግዲህ ፀሐይ በማይወጣበት ክረምት ነው። ማማውንም ያኔ መቱት። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ታድሶ በ1948 እንደገና በራ።

ለዛ ነው እዚህ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ቤት ብርቅ የሆነው። መጀመሪያ ስመጣ «ከተማው ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት ቤት ሆነ?» እል ነበር። ሁሉም አንድ ሰሞን ስለተሠራ ነው።

---

ሚኒሶታ_ነኝ

እኔም ልግባ። ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን፣ ያውም ባሕር የሚያስንቅ። ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ስፕሊት ሮክ የሚባል አለ፣ ገደል ላይ ጉብ ያለ። በ1905 ህዳር ላይ ከባድ ማዕበል ብዙ መርከብ ስለሰበረ ነው የተሠራው። በ1910 በራ፣ በ1969 ጡረታ ወጣ። ግን በየዓመቱ ኖቬምበር 10 አንድ ምሽት ያበሩታል። በ1975 በዛች ቀን ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የሚባል የብረት ማዕድን የጫነ መርከብ ከነ 29 ሰዎቹ ሰጥሞ ነው። ስም እያነሱ ደወል ይመታሉ። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጆቹ ትኩስ ቸኮላት ነበር የፈለጉት።

---

ሰርኪዩት

ትናንት ማታ እንቅልፍ አጣሁ በናንተ ምክንያት። የማማውን ብርሃን ስለሚሰበስበው መስተዋት (ሌንስ) ሳነብ አነጋሁ። ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፣ ሰይጣን ይፈር 😅

መብራቱ ራሱ ምንም ያህል ትልቅ አልነበረም። በዛ ዘመን የሚነደው ላምባ ነበር። አሠራሩ እንደኛ ማሾ፣ ላምባው በግፊት ተንኖ ሸማውን ያግላል፣ ሸማው ነጭ ብርሃን ይሰጣል። አያቴ ቤት ነበረን፣ ሹሹሹ የሚል ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ጥያቄው የማሾ ብርሃን እንዴት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ነው።

ሚስጥሩ ፍሬኔል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የመብራት ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፣ አብዛኛው ወደ ሰማይና ወደ መሬት ይባክናል። በአንድ ትልቅ ወፍራም መስተዋት ቢሰበሰብ ጥሩ ነበር፣ ግን እንደዛ ያለ መስተዋት ክብደቱ አይቻልም። ፍሬኔል ሥራውን የሚሠራው የመስተዋቱ ጥምዝ ፊት እንጂ ሆዱ አይደለም አለ። ሆዱን ጥሎ ፊቱን ብቻ በቀለበት በቀለበት ቆርጦ ደረደረው። በ1823 ፈረንሳይ ውስጥ ኮርዷን ላይ ተሰቀለ፣ ከዛ ዓለምን አዳረሰ። ትልልቆቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ።

እና ይሄን የሚያክል መስተዋት ያዞሩት የነበረው በሞተር አይደለም። እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብደት በሰንሰለት ይንጠለጠላል፣ ቀስ እያለ ሲወርድ መስተዋቱን ያዞራል። ጠባቂው ሌሊት እየተነሳ ክብደቱን መልሶ ይጠቀልለዋል። አንዳንድ ቦታ መስተዋቱ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር ሜርኩሪ ላይ አንሳፈፉት። ሜርኩሪ መርዝ ነው። ጠባቂዎቹ እሱን እየተነፈሱ ይኖሩ ነበር። 

አሁንም ጂፒኤስ ይሻላል እላለሁ። ግን ከፍሬኔል ጋር ቡና ብጠጣ ደስ ይለኛል።

---

ሀበሻ_በርገን

@ሰርኪዩት ሰውዬው ተለወጠ። ምስክር ሁኑ።

---

ሌኒንግራድ_82

እኔ ሶቪየት የተማርኩ ነኝ። ከክር ከፋቹ ወደ ምሥራቅ ያለውን ታሪክ ልጨምር፣ ደስ የሚል አይደለም።

የሩሲያ ሰሜናዊ ዳርቻ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ሰው የለም፣ መንገድ የለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር የለም። ማን ሄዶ ላምባ ይጨምራል? ሶቪየቶች መፍትሄ አገኙ፦ የአቶም ባትሪ። ስትሮንሺየም 90 የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ውስጡ አለ፣ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል። ጠባቂ አያስፈልገውም፣ ለዓመታት ይሠራል። ወደ ሺህ የሚጠጉ እንደዚህ ዓይነት ባትሪዎች ሠርተዋል፣ ብዙዎቹ ለባሕር መብራት።

ከዛ ሶቪየት ፈረሰች። ማማዎቹ ጠባቂ አጡ። ብረት ሌባ ግን መጣ። በ2003 ሙርማንስክ አካባቢ ሌቦች የባትሪዎቹን መከለያ ፈታተው ወሰዱ፣ ጨረሩን የያዘውን ልቡን እዛው ጣሉት። ምን እንደነካቸው እንኳ አላወቁ ይሆናል። በኋላ ኖርዌይ ገንዘብ አውጥታ በድንበሯ በኩል ያሉትን አስነስታ በፀሐይ ኃይል ማመንጫ አስተካችው። በዚህ በኩል ሥራውን ይዞ የነበረው የፊንማርክ አስተዳደር ራሱ ነው፣ የልጃችን ክፍለ ሀገር።

---

ቀይ_ዳማ

ቆይ ቆይ። ፀሐይ ሁለት ወር በማይወጣበት አገር የፀሐይ ኃይል?!

---

የመርከብ_ኤሌክትሪክ

@ቀይ_ዳማ የኔ ሥራ ስለሆነ ልመልስ። የዛሬ መብራት የሚበላው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። ፀሐይ ባለችበት ወራት ትልቅ ባትሪ ይሞላል፣ በጨለማው ወራት ይበላል። በበጋ ደግሞ ሌት ተቀን ፀሐይ ስለሆነ መብራቱ ራሱ አያስፈልግም። ሰሜን ኖርዌይ ያሉት መብራቶች በበጋ ይጠፋሉ። ሳውቅ ገርሞኝ ነበር፣ ዕረፍት የሚወጣ የባሕር መብራት።

---

ምጽዋ_48

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስጽፍ ዘገምተኛ ነኝና ታገሡኝ።

እኔ በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበርኩ። ብዙዎቻችሁ አታውቁ ይሆናል፣ ባሕር ኃይላችን በ1955 ሲቋቋም ከእንግሊዞቹ ሌላ በማደራጀቱ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖችም አግዘዋል። ስለዚህ ኖርዌይ ለእኔ ሩቅ አገር አይደለችም። እኔ በገባሁበት ዘመን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር አንድ አሠልጣኝ ነበረን። ምጽዋ ሙቀቱ ሌሊት እንኳ ላብ ያስመጣል፣ ሰውዬው ፊቱ እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ግን ካፖርት ለብሶ የቆመ ያህል ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።

ሌሊት ተረኛ ሆኜ ከሩቅ መብራት አየሁና «የወደቡ መብራት ታየ» ብዬ ጮህኩ። ቀስ ብሎ መጣ። «በምን አወቅህ?» አለኝ። «አየሁት» አልኩ። «አየሁት አትበል፣ ቆጠርኩት በል። ያልቆጠርከው መብራት የማንም መብራት ነው» አለኝ። ቆጠርኩ። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነበር፤ መብራቱ ከማዕበሉ ጋር ብቅ ጥልቅ ሲል ብልጭታ መስሎኝ ነው። እሱን ይዘን ብንነዳ ወደ ደሴቶቹ ነበር የምንሄደው። አላሣቀብኝም። ሄዶ ሻይ አመጣልኝ።

የዋልታው ልጅ፣ ባሕር ላይ አንድም መርከብ አላየሁም ብለሃል። አንተ ከማማው ሥር ሆነህ፣ በዛ ጨለማ፣ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መርከብ እንዴት ይታይሃል? እሱ ግን መብራቱን ያየው ነበር።

---

የዋልታው_ልጅ

@ምጽዋ_48 ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። አፌን አስያዙኝ። ይሄን ለባልደረባዬ ተርጉሜ እነግረዋለሁ። አሠልጣኝዎ ከየትኛው የኖርዌይ ክፍል እንደነበሩ ያስታውሳሉ?

---

ምጽዋ_48

ከሰሜን ነኝ ይል ነበር። ከተማውን ነግሮን ነበር፣ ረሳሁት። ዓሣ ብቻ ነው ያለው ይል ነበር።

---

ጨለማ_ሰለቸኝ

ጋሼ ይሄንን ለብቻው ክር ይክፈቱልን እባክዎ 🙏

---

አዲስ_ገቢ

ከርዕሱ ውጪ ይቅርታ። ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል?

---

የዋልታው_ልጅ

@አዲስ_ገቢ ከጥር እስከ ሚያዝያ ኮድ የሚባለው ዓሣ ወቅት ነው፣ ያኔ ይቀጥራሉ። ወረቀትህ የተስተካከለ ይሁን። አንድ ነገር ልምከርህ፦ ቤት ሳታገኝ አትምጣ። እኔ ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ «ማደሪያ አለ» ተብዬ ሄጄ፣ ስድስት ሰው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ውስጥ ሆነን ከረምን። በጽሑፍ ተቀበል።

---

የዋልታው_ልጅ

ቤቶች፣ ቃሌን ልፈጽም መጣሁ።

እዚህ ፀሐይ የምትመለሰው ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛ በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። እዚህ አንድም ታቦት አይወጣም፣ እኔ ግን ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የማከብረው። ፋብሪካው ውስጥ ማርማላታ ያለበት ክብ ኬክ ታደለ፣ የሰሜን ሰው ፀሐይ ስትመለስ እሱን ይበላል። እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ነጭ ቦቲያችንን እንደተጫማን በር ላይ ወጣን። ደመና ነበር። ምንም አላየንም። ቢሆንም አጨበጨቡ።

ማታ ወደ ስሌትነስ ሄድን፣ ባልደረባዬና እኔ። ንፋሱ ቀለል ብሎ ነበር። የጋሼን ታሪክ መኪና ውስጥ ነገርኩት፣ ዝም አለ። አባቱም አያቱም አጥማጅ ነበሩ፣ እስከዛሬ አልነገረኝም ነበር። አያቱ በ1944 ከተደበቁት ውስጥ እንደነበረና የተደበቁበትን ቦታ በመኪናው መብራት አሳየኝ። ባዶ ዳገት ነው፣ ድንጋይ ብቻ።

በዚህኛው ጉዞ ማማው ሥር አልቆምንም። ባሕሩ ዳር ድረስ ወርደን ፊታችንን ወደ ማማው አዞርን፣ እንደ መርከብ። ስልካችንን አውጥተን ሴኮንድ ያዝን። የመጀመሪያውን እኔ ተሳሳትኩ፣ ሁለተኛውን እሱ። በሦስተኛው ተስማማን።

@ምጽዋ_48 ጋሼ፣ ቆጠርኩት። ስንት እንደሆነ አልጽፍም። የሚመጣ ሰው ራሱ ይቁጠር።

---

ሰርኪዩት

አውቶቡስ አለ ወይስ መኪና መከራየት ነው?

---

የዋልታው_ልጅ

@ሰርኪዩት 😂 እስከ ሜሃምን ዳር ዳሩን የምትሄደዋ መርከብ ታመጣሃለች። ከዛ በኋላ እኔ አለሁ። ንፋስ የማያስገባ ካፖርት ያዝ። ብርቱካን እንዳትረሳ።